ቱቦው ተንጠልጥሎ ሳለ

ሶዶ ውስጥ ከውሃ ጋር የተነካካ ሰው ሁሉ ጣፈጠች ፍቅሬን ያውቃታል። ጉድጓድ ያለው ያውቃታል፣ ጉድጓዱ የደረቀበትም ያውቃታል፤ ቦኖ የምትጠብቅ ሴትማ ስልኳን በቃሏ ይዛዋለች። አባቷ አቶ ፍቅሬ ከጉራጌ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሶዶ ገበያ ዳር ሚስማርና ማጠፊያ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ፣ ሶዶ ተምራ፣ ሶዶ አግብታ፣ ወላይትኛውን ከገበያተኛው እኩል የምታንበለብል ሴት ናት። ጉራጊኛዋ አባቷ ሲቆጡ ከሰማችው አያልፍም። ከአባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ ብሎንን ከዳዶ ስታዛምድ ስላደገች፣ ቴክኒክና ሙያ ገብታ በወንዶች መሃል ብቻዋን ብረት ስትቀጠቅጥ ቤተሰቡን አልደነቀውም።

መንግሥት ቤት ተቀጠረች፣ የገጠር ውሃ ጥገና ቡድን ውስጥ። ረዳት ሆና ገባች፣ ቴክኒሻን ሆነች፣ በመጨረሻ የቡድን መሪ አደረጓት። መሪ ሲባል የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር የሚታየው ሰው ይኖራል። የጣፈጠች ወንበር የፒክአፑ የፊት ወንበር ነው፤ እሱም ስፖንጁ ወጥቷል።

የምትመራቸው አራት ናቸው። ጋሽ ቶማ እዚሁ ወላይታ ውስጥ የቦምቤ ሰው ነው፣ በዕድሜ ይበልጣታል፣ ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ "ታ ሚቼ" ይላታል፣ በወላይትኛ እህቴ ማለቱ ነው። ሰብስቤ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው፤ ከሐዋሳ በቅርቡ የመጣ። ህብረት ከቡድኑ ታናሽ ናት፣ ጡት ያስጣለችው ልጅ አላት። ጸሐዬ ሹፌሩ ደግሞ እሱም ከሌላ አገር የመጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሁሉ ነገር ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነው።

እንግዲህ ያ ዓመት ክልሉ ተከፍሎ አዲስ ክልል የተመሠረተበት ዓመት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ አንዱ ቢሮ እዚህ ከተማ፣ ሌላው እዚያ ከተማ ይባላል። ሰው ሲገናኝ "እንዴት አደርክ" የሚለው ቀርቶ "ድልድሉ ምን አለ" ሆነ። ዛሬ ሶዶ የተባለው ነገ ሌላ ቦታ ነው፣ ነገ ሌላ ቦታ የተባለው ከነገ ወዲያ ጭራሽ የለም። ሰብስቤ ራሱ በመጀመሪያው ድልድል ነው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ፣ ሚስቱን ፊት ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጦ ሶዶ የገባው። ቁም ሳጥኑ መንገድ ላይ ተሰብሮ እስካሁን በገመድ ታስሮ ነው የቆመው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ አቶ ቸሩ ቢሮው ጠራት። በሩን ዝጊው አላት። አቶ ቸሩ በሩን አዘግቶ መልካም ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ነገሩን በአጭሩ ነገራት። ጂንካ አዲስ ቅርንጫፍ ይከፈታል፤ ከአራቱ ሁለቱ እዚያ ይመደባሉ፣ ሁለቱ ሶዶ ይቀራሉ። የምታውቃቸው እሷ ስለሆነች ስማቸውን እሷ ትነግረዋለች። የሁምቦው ጉድጓድ እስኪጠገን ግን አንዲት ቃል እንዳይወጣት፤ ከሰሙ እጃቸው ይልፈሰፈሳል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም ራሱ የት እንደሚውል አያውቅም ነበር፤ ሲያናግራት ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚጠብቅ ይመስል።

ጣፈጠች ዝም ብላ ወጣች። ዝምታው ትክክል መሰላት። አገሩም ሲሠራው የኖረው እንዲህ ነዋ። ክፉ ወሬ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሥራው ይለቅለት፣ ይብላ፣ ይረፍ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። ሌሊቱን ግን ስሞቹን በልቧ ስታገላብጥ አነጋች።

በማግስቱ ወደ ሁምቦ ወረዱ። ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ እንደ ሰው እጅ ፊት ላይ ያርፋል። የሚሄዱበት ቀበሌ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ሴቱ በእግር፣ ያለው በአህያ ጋሪ፣ ጀሪካን ይዞ ሩቅ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙም ከብት የሚጠጣበት ነው። ልጆች ሆዳቸውን መታመም ጀምረዋል ተብሎ ነበር።

ተበላ ከተማ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበር። ጣፈጠች ጸሐዬን አቁም አለችው፤ ምሳ እንብላ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሌላ ጊዜ የቡድኑ ምሳ ዳቦና ሙዝ ነው፣ መኪናው እየሄደ። ያን ቀን ሥጋ ቤት አስገባቻቸው፣ ጥሬ ሥጋ አስቆረጠች፣ የበርበሬ ማጥቀሻው ዳጣ ከነሚጥሚጣው መጣ። ሻኛውን ለህብረት ገፋ አደረገችላት። ለሰብስቤ በእጇ ቆርጣ ሰጠችው። ጋሽ ቶማን ጤናውን ጠየቀችው፤ ቆይታ ደግማ ጠየቀችው። "ብሉልኝ" ትላለች፣ "ኧረ ብሉልኝ።" ከዚያ ሲወጡ ሰብስቤን እሷ ወንበር ላይ፣ ከፊት፣ አስቀምጣ እሷ ከኋላ ገባች። ጸሐዬ ሲነዳ በመስተዋቱ አየት እያደረጋት ነበር። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጀሪካኖቹ ከአሁኑ ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው ግራር ሥር ተቀምጠዋል።

ፓምፕ ማውጣት እንዲህ ነው። ሞተሩ ከጉድጓዱ ሆድ፣ ከሩቅ ታች፣ በብረት ቱቦ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ቱቦው ተቀጣጥሎ የሄደ ነው። ከጉድጓዱ በላይ ባለ ሦስት እግር ብረት ይተከላል፣ የሰንሰለት ማንሻ ይሰቀላል፣ አንድ ሰው ይስባል። አንዱ ቱቦ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ከሥሩ ያለው በብረት መቆንጠጫ ይታሰርና የላይኛው ይፈታል። ከዚያ መንጠቆው ወርዶ ቀጣዩን ይይዛል፣ መቆንጠጫው ይላላል፣ እንደገና ይሳባል። ሰንሰለት የያዘው መቆንጠጫ የያዘውን፣ መቆንጠጫ የያዘው መፍቻ የያዘውን ሳያምን የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱ ያለ ጊዜው ከለቀቀ ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል ይከረበታል። ከተከረበተ ጉድጓዱ ሞተ፤ ፓምፑም ቱቦውም እዚያው ተቀበረ ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ቡድን ሕግ አንድ ናት። ጉድጓድ አፍ ላይ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ ቶማ። "ሳብ" ይላል፣ "እሰር" ይላል፣ "ፍታ" ይላል። ሌላው ሰው፣ መሪዋም ብትሆን፣ ትንፍሽ አይልም።

ሰብስቤ ሰንሰለቱን ያዘ። ህብረት መቆንጠጫውን ያዘች። የመንደሩ ጎረምሶች የተፈታውን ቱቦ እየተቀበሉ መሬት ላይ ያጋድማሉ። ሳብ፣ እሰር፣ ፍታ። ሳብ፣ እሰር፣ ፍታ። ቱቦው ተጋድሞ ተጋድሞ ክምር ሆነ። ጣፈጠች ግራሩን ተደግፋ ታያለች፤ አሁን አሁን ልቧ መለስ እያለላት ነበር። ሥራው ካለቀ ነገ ትነግራቸዋለች።

ጋሽ ቶማ "እሰር" አለ። ህብረት አሰረች። ሰብስቤ ሸክሙ መቆንጠጫው ላይ እንዲያርፍ ሰንሰለቱን ጥቂት አላላ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት "ፍታ" ነው።

አልመጣም።

ጋሽ ቶማ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ተጋድሞ ከነበረው የቱቦ ክምር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

"ወይዘሮ ጣፈጠች፣ እርስዎ የሚነግሩን ነገር አለ።"

እርስዎ! በስንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብሏት አያውቅም። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

ምን ነገር አለ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ፣ ቱቦው ተንጠልጥሏል እኮ አለችው። እሱ ድምፁን ሳይጨምር ቀጠለ።

"ጥሬ ሥጋ አበሉን። ሰብስቤን ከፊት አስቀመጡት። እኔን ደህና ነህ ወይ ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ ምን ሆኜ? ሌላ ቀን 'ቶሎ ቶሎ ብሉ' ነው የሚሉን፤ ዛሬ 'ብሉልኝ' አሉ። ሰው እንዲህ የሚበላው መርዶ ሲኖርበት ነው። ማን ነው የሞተው?"

"እኔ ነኝ መሰለኝ" አለ ጸሐዬ ከመኪናው ደረጃ ላይ። "ነዳጁን ያለ ጭቅጭቅ ስትፈርምልኝ ጊዜ ገባኝ።"

ማንም አልሳቀም።

ጣፈጠች የዚያን ሰዓት የታያት ጉድጓዱ አልነበረም። ተማሪ ሳለች አክስቷና አጎቷ ድንገት ከትምህርት ቤት ሊወስዷት መጡ። አባትሽ ትንሽ አሟቸው ሊያዩሽ ፈለጉ አሏት። መንገድ ላይ ምግብ ቤት አስገቧት፤ ክትፎ አዘዙላት። ብይ አሏት፣ በላች። ቀልድ ነገረቻቸው፣ ሳቁላት። ቤቱ ደጃፍ ድንኳኑን ስታይ ነው የገባት። የአባቷን ሞት እግዜር ያመጣው ነው ብላ ተቀበለችው። ያንን ምሳ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም፤ ሁሉም እያወቀ እሷ ብቻ እየሳቀች የበላችውን ምሳ። ያንኑ ምሳ ነው ዛሬ በገዛ እጇ ቆርጣ ያጎረሰቻቸው።

ከግራሩ ተላቀቀችና ወደ ጉድጓዱ አፍ መጣች።

"ሁለት ሰው ጂንካ ይመደባል" አለች። "ሁለት ሰው ይቀራል። ስም ንገሪ ተብያለሁ፣ ገና አልተናገርኩም። ሥራው እስኪያልቅ ዝም በይ ተባልኩ፤ ዝም አልኩ። ስላዘዙኝ ብቻ አይደለም። እኔም ፈርቻችሁ ነው።"

ህብረት መቆንጠጫውን እንደያዘች ቀረች። ሰብስቤ ሰንሰለቱን ከአንድ እጁ ለቀቀ።

"አልተናገርሽም። እሺ። በልብሽስ ማንን ነው ያልሽው?" አለ ሰብስቤ።

ይሄ ጥያቄ ይመጣል ብላ አላሰበችም። አላሰብኩም ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ መጥቶም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ስትዋሽ ውላለች፣ ሥጋው ገና ከሆዳቸው አልወረደም።

"አንተንና ጸሐዬን።"

"ለምን?"

"የዚህ አገር ሰው ስላልሆናችሁ። ሥር አልሰደዳችሁም፣ መሄዱ አይከብዳችሁም ብዬ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶዶ ኖረው፣ ሶዶ ላይ ግብር ከፍለው፣ የሶዶን ሰው ሁሉ ቀብር ቀብረው፣ አንድ ሰው ሲያኮርፋቸው ስማቸው "ያ ከደጋ የመጣው" ነበር። ማታ ማታ ሱቁን ዘግተው ሲገቡ እሷ ነበረች እግራቸውን የምታጥበው፤ ፊታቸውን ታውቀዋለች። አሁን ያ ፊት ሰብስቤ ላይ ነበር።

"ልጄን ትምህርት ቤት ካስገባሁት ወር አልሞላውም" አለ ሰብስቤ። ሌላውንም እጁን ለቀቀና ጣቱን ቀሰረባት። "ሥር የሚሰደደው መቼ ነው ታዲያ? በየዓመቱ እየተነቀለ?"

ጋሽ ቶማ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። እውነቱን አውጪ ብሎ ያስጨነቃት እሱ ነው፤ እውነቱ ሲወጣ ግን እሱ ከሚቀሩት ሆኖ ተገኘ። የማይሄድ ሰው ስለሚሄድ ሰው ምን ይላል? አንገቱን ደፋ።

ያኔ ነው መቆንጠጫው የጮኸው። ጥርሱ ያረጀ ነበር፤ ሸክሙን ይዞ ያን ያህል መቆየት ልማዱ አይደለም። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ የሰማው ሰው በጥርሱ ያስታውሰዋል። ቱቦው ጣት የሚያህል ወረደ። ቆመ። ደግሞ ወረደ። ግራሩ ሥር የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ተነሡ፤ አንዷ እናት በወላይትኛ ፈጣሪዋን ጠራች። ህብረት ብሎኑን ልታጠብቅ ተንጠለጠለችበት፣ እጇ አልቻለም።

ሰብስቤ ሰንሰለቱ ላይ ዘለለ። የማንሻው ማቆሚያ አልቆ ስለነበር ካልያዙት ይሸሻል፤ እሱ በሁለት እጁ አንቆ፣ ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ቱቦው ቆመ። መያዝ ግን መሳብ አይደለም። ሰው ካልተጨመረለት፣ ህብረት በየትኛው ቅጽበት እንደምታላላና እንደምታስር ካልተነገራት፣ የትም አይደረስም። ሁሉም ያንን ድምፅ ይጠብቃል። ጋሽ ቶማ ክምሩ ላይ ደርቋል። ጣፈጠች "ሳብ" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ዋጠችው፤ እሷ ብትጠራ ማንም እንደማይስብላት ያን ሰዓት አውቃለች።

የሰብስቤ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። የጂንካ መንገድ ከፊቱ የተዘረጋለት ሰው ነው፤ ቢለቅ ማን ይፈርድበታል?

"ጋሽ ቶማ" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ጥራ እንጂ። በኋላ እንጣላለን።"

ጋሽ ቶማ እንደ ነቃ ሰው ብድግ አለ። "ጸሐዬ፣ ሰንሰለቱን ጨብጥ። ሳብ!" አለ። ጸሐዬ ሮጦ ገባ፣ ጣፈጠችም ከኋላው የሰንሰለቱን ጫፍ ያዘች፤ ከሌላው እኩል፣ ትእዛዝ ተቀባይ ሆና። ቱቦው ተነሣ። ህብረት መቆንጠጫውን ፈትታ የጎማ ቁራጭ አስገባችበትና እንደገና አሰረችው። ያዘ። ፍታ። ሳብ፣ እሰር፣ ፍታ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቱቦ ሁሉ አንድ ሳቅ፣ አንድ ቀልድ ሳይሰማ አወጡት። ፓምፑ ራሱ ጭቃ ለብሶ ብቅ ሲል የመንደሩ ሰው እልል አለ፤ እነሱ ግን እርስ በርስ አልተያዩም። ኬብሉ ተቃጥሎ ነበር፣ ሞተሩ ደህና ነው።

እንደተባለውም ተጣሉ። ግራሩ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጣሉ። ሰብስቤ የሆዱን ተናገረ፤ ጋሽ ቶማ ዝምታው እንዳሳፈረው ተናገረ። ጣፈጠችን በጣም የመታት ግን ህብረት ናት።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች። "ልጅ አላት አትሄድም ብለሽ ዘጋሽው አይደል? እዚህ እስከማረጅ መቆንጠጫ ነው የምይዘው። ጂንካ ገና ምንም የለም፤ የሚያደራጅ ሰው ይፈልጋሉ። እናቴ አብራኝ ትሄዳለች። እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።"

ጣፈጠች ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው ባደረችው ስም ውስጥ ይሄ አልነበረም። ሰው ምን እንደሚከብደው ከራሱ በላይ አውቃለሁ ብላ ነበር።

ጸሐዬ ደግሞ ለሹፌር አገሩ የመኪናው መሪ ነው፣ እሄዳለሁ አለ። "ግን ሥር የለውም ተብዬ አይደለም። ጸሐዬ፣ እባክህ፣ ተብዬ ነው።"

"ጸሐዬ፣ እባክህ" አለችው ጣፈጠች።

"አስብበታለሁ" አለ፤ ያኔ ብቻ ሁሉም ትንሽ ፈገግ አሉ።

አዲስ ኬብል መጥቶ ፓምፑ ተመልሶ ገባ፣ ውሃው ወጣ፣ ጀሪካኑ ተሞላ። ወደ ሶዶ ሲመለሱ ጣፈጠች አቶ ቸሩ ቢሮ ብቻዋን አልገባችም። አራቱንም አስከትላ ገባች፣ በሩንም አልዘጋችም። አቶ ቸሩ ስም ነው ወይስ ስብሰባ ነው የጠየቅሁሽ አላት። ስሙን ራሳቸው ይነግሩሃል አለችው። አዳመጣቸው። ህብረትና ጸሐዬ ጂንካ ሆኑ። ሲወጡ ጣፈጠችን አስቀርቶ፣ የማይወስን መሪ በሚቀጥለው ድልድል ወንበሩን እንደማያገኘው ነገራት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ምክር ነው ያለው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ሰብስቤ ሶዶ ቀረ። መቅረቱ ግን ዕርቅ አልነበረም። ሥራውን ይሠራል፣ ሰንሰለቱን ይይዛል፣ ከሥራ ውጭ አያናግራትም። ምሳ ሲሆን ዳቦውን ይዞ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ይቀመጣል። ሚስቱ ሁለተኛ ስትወልድ እንኳ ከጋሽ ቶማ ነው የሰማችው። ዘይት፣ ቅቤና ሳሙና ይዛ ልትጠይቅ ሄደች፤ ሚስቱ በደስታ ተቀበለቻት፣ እሱ ሰላም ብሎ ወጣ። ጣፈጠች ይህን ለማንም አላማረረችም። ባሏ አንድ ቀን፣ ስንት ጊዜ ነው ይቅርታ የምትይው ሲላት፣ ይቅርታውን አልቆጥርም አለችው፤ ምናልባት ይቅርታ ሳይሆን ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ክረምት ሲገባ ያ የተፈራው መጣ። አቶ ቸሩ ጠርቶ፣ ሁለት የጥገና ቡድኖች ሊዋሃዱ ነው፣ ከሁለቱ መሪዎች አንዱ ይወርዳል፣ ከባለሙያዎቹም የሚነሣ ይኖራል አላት። ዝርዝሩ ገና ነው፣ ለጊዜው በሆድሽ ይሁን አላት።

ጣፈጠች ወጣች። ዝናቡ ይጥላል። ግቢው ውስጥ ጋሽ ቶማና ሰብስቤ ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ቱቦ ላይ ተቀምጠው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ቢሮዋ አልገባችም፣ ጃንጥላም አልፈለገችም፤ በዝናቡ መሃል ቀጥ ብላ ሄደችና የሰማችውን እንደሰማች ነገረቻቸው። የማታውቀውን አላውቅም አለች። ምናልባት የምወርደው እኔ ነኝ አለች።

ጋሽ ቶማ ከንፈሩን መጠጠ።

"በልብሽ ማንን ነው ያልሽው?" አላት ሰብስቤ መሬት መሬቱን እያየ።

"ማንንም። አሁን ነው የሰማሁት። ሳላስብ መጣሁ።"

ቀና ብሎ አያት። ውሃው ከፀጉሯ በፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተጣብቋል።

"አመንኩሽ ማለት አይደለም" አለ ሰብስቤ። ከቱቦው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። "ዝናብ ነው፤ ግቢ። ቁጭ በይና እንነጋገር።"